በውሻ ቀን የሚታሰር ጨርቅ

ኑይ የተዳረችበት የሞሪ ቤት ሠራተኛ በጓሮ ገብታ ለታኪ በጆሮዋ ነገረቻት። ልጅዎ ኑይ የሆድ መቀነት ይዘው ይምጡ ብላለች፣ በውሻ ቀን ይሁን፣ በኋላ በር ይግቡ፣ ለሰው እንዳይነግሩ አለቻት። ሻይ እንኳን ሳትቀምስ ሄደች።

ታኪ የምትሰፋው ልብስ ከእጇ ወደቀ። በአገሩ እርጉዝ ሴት አምስተኛ ወሯ ሲገባ ሆዷ በነጭ ጨርቅ ይታሰራል። ቀኖቹ በእንስሳት ስም ይጠራሉ፣ ውሻ ሳትጨነቅ ስለምትወልድም የሚመረጠው የውሻ ቀን ነው፤ ጨርቁን ይዛ የምትመጣውም የእርጉዟ እናት ናት። ሌላ ጊዜ ቢሆን እልል የሚያሰኝ ወሬ ነበር። ግን የኑይ ባል ሺንጎ የአገሩን መስፍን አጅቦ ወደ ኤዶ ከተማ የሄደው በረዶው ከጣሪያ ላይ ሳይቀልጥ ነው። አሁን ሩዙ ታጭዶ ተወቅቷል። የሱ ቢሆንማ ኑይ ይሄኔ ልትወልድ ደርሳ ነበር።

እንደ ሺንጎ ያለ ሳሙራይ ሚስቱ ከሌላ ወንድ ካረገዘች በሰይፉ ይቆርጣታል፣ ለምን ብሎ የሚጠይቀውም የለ። ሺንጎ ደግሞ የሚመጣው ክረምት በረዶ ሲቀልጥ ይመለሳል።

ታኪን ግን ከሞቱ በፊት ሀፍረቱ ነው የያዛት። ኑይን ስትድር፣ እንደ ማንኛዋም እናት፣ ከሙሽራ ሣጥኗ ሥር የመኝታ ሥዕሎች አስቀምጣላት ነበር። ልጅቷ የመጀመሪያው ሌሊት እንዳትደነግጥ፣ ወንድና ሴት ምን እንደሚሆኑ አይታ እንድትገባ። የኑይ አማት እሜቴ ኢሶ ሣጥኑን ስታስከፍት አገኘቻቸውና በጨርቅ ጠቅልላ መለሰችላት። በኛ ቤት ሴት ይሄን አትማርም አለች። እሜቴ ኢሶ ገና ልጅ ሳለች ወልዳ፣ በወጣትነቷ ባሏ ሞቶባት፣ ከዚያ ወዲህ ወንድ ፊት ስትስቅ ያያት የለም። ኑይ ከባሏ ጋር ስትሳሳቅ ሰምታት ምሳ ከልክላታለች ይባላል።

እኔ ነኝ ያበላሸኋት፣ እኔ ነኝ ያን ሥዕል ያሳየኋት እያለች ታኪ ማንም የማያውቃት ገበያ ድረስ ሄደች። ነጋዴው ጨርቁን እየቀደደ፣ እንኳን ደስ ያለዎት፣ የልጅ ልጅ ነው አይደል አላት። ለጎረቤት ነው አለችና ፊቷን አዞረች።

በውሻው ቀን በኋላ በር ስትገባ ኑይ ከጉድጓዱ ውኃ ትቀዳለች። ሁለት ባልዲ ሙሉ። ታኪ መጀመሪያ ያየችው ወገቧን ነው። ቀጭን ነበረች፣ አሁንም ቀጭን ናት። አጥብቃ ታስራው ነው ብላ አሰበች።

"ባልዲውን አስቀምጪው አንቺ።"

"ምንም አልሆንም እማ።"

"ምን ቀረሽ ደግሞ። የማነው?"

ኑይ ወደ ቤቱ አየት አደረገች። "ቀስ በይ፣ ግድግዳው ወረቀት ነው። ምያለሁ፣ አትጠይቂኝ።"

ታኪ ድምጿን ዝቅ አድርጋ የሆዷን ሁሉ ተናገረቻት። አባትሽ እንኳን ይሄን ሳያይ ሞተ አለቻት። መድኃኒት የምታጠጣ አሮጊት አውቃለሁም አለቻት።

"አልፏል እማ። መንቀሳቀስ ጀምሯል።"

"አማትሽ ታውቃለች?"

"ታውቃለች። ትናንት አብረን ስናለቅስ ዋልን።" ኑይ እንባዋን በእጇ ጠረገች። "ስደቢኝ፣ ግድ የለም። ጨርቁን ግን አመጣሽው?"

ቤት ውስጥ እሜቴ ኢሶ ጥግ ይዛ ተቀምጣለች። ቀኑ ለወቅቱ ሙቀት ነው፣ እሷ ግን ጥጥ የተሞላ የክረምት ካባዋን ለብሳለች። ፊቷ ከስቷል። ታኪ ስትገባ አልተነሳችም፤ ግንባሯን ምንጣፉ ላይ አስነካች። ለመስፍኑ ካልሆነ ለማንም ያላጎነበሰች ሴት።

"ታኪ፣ ይቅር ይበሉን" አለች። አንቺ ስትላት ኖራ እርስዎ ስትላት የመጀመሪያዋ ነው። "በዚህ ቤት ውርደት ገብቷል።"

ታኪም ተደፋች። "ኧረ እሜቴ፣ እኔ ነኝ ይቅርታ የምጠይቀው፣ ያሳደግኳት እኔ ነኝ። ተራራው ላይ ካሉት መነኮሳዪያት ዘንድ ትውለድ። ልጅዎ ሲመጣ ታማ ሄደች ይበሉት። ብቻ ሰይፍ አይምዘዝባት።"

"እኛም ያሰብነው እዚያ ነው" አለች እሜቴ ኢሶ፣ ቀና ሳትል።

ምን ዓይነት ልብ ነው ይሄ አለች ታኪ በሆዷ። ሌላ አማት ብትሆን ይሄኔ ልጄን ፀጉሯን ይዛ መንገድ ላይ ጥላት ነበር። ስታማት መኖሯ ራሱ አሳፈራት። ጨርቁን ከደረቷ አውጥታ ዘረጋችው።

"ነይ ልብስሽን ፍቺ" አለች ልጇን፣ ፊቷን ሳታይ።

ኑይ ጨርቁን ከእናቷ እጅ በሁለት እጇ ተቀበለችና ዞራ ከአማቷ ፊት ተንበረከከች፤ እሜቴ ኢሶም ፊቷን በእጅጌዋ ሸፍና ካባዋን ከገፋው ሆዷ ላይ ከፈተች።