መስመሩ የታጠፈበት

«መቶ ዘጠና ስምንት» አለ የሞተር መርማሪው፣ ሀኪሙ። ሰው የሞተበትን እንደሚያረዳ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው ያለው።

መኪናዋ ግራ ቀኝ በወፍራም ቀበቶ ተወጥራ ታስራለች። የኋላ ጎማዎቿ ወለሉ ውስጥ የተቀበሩት የብረት ሮለሮች ላይ ቆመዋል። ሮለሮቹ የጎማውን ጉልበት ይለካሉ፤ ግድግዳው ላይ ያለው ስክሪን ደግሞ የተለካውን የፈረስ ጉልበት በመስመር ይስላል። አምና፣ ሞተሩ ሳይነካ፣ ይህችው መኪና እዚሁ ቦታ ላይ ቆማ ሁለት መቶ አርባ አንድ ሰጥታ ነበር። ዘንድሮ የባለመኪናው እህት አራት ወር ሙሉ ሞተሩን አውርዳ፣ ፒስቶኖቹን ቀይራ፣ አየር የሚነፋለትን ተርቦ በትልቅ ተርቦ ተክታ ስታበቃ፣ አርባ ሦስት ፈረስ የገባበት ጠፋ።

እጇን በቱታዋ ጠረገች። እጇ ንጹሕ ነበር። ወንድሟን ቀና ብላ ማየት ግን አልደፈረችም።

መኪናዋ የእሱ ናት። ዓሥር ዓመት ከባድ መኪና ሲነዳ ኖሮ፣ ለራሱ ብሎ የገዛት ብቸኛ ነገር ይህች ባለ ሁለት በር መኪና ናት። ሞተሯን ለእህቱ ሊሰጥ ሲነሣ ጓደኞቹ «በጤነኛ ሞተር ዝምድና አይሞከርም» ብለው መክረውት ነበር። እሱም «ከእሷ የተሻለ እጅ ካለ አሳዩኝ» ብሎ አፋቸውን አስያዛቸው። ይህን የነገረቻት እናታቸው ናት። ከዚያ ወዲያ አንዲት ብሎን ባጠበቀች ቁጥር ያ ቃል ትከሻዋ ላይ ነበረ።

«ሚጣ» አላት። ሠላሳ ሦስት ዓመት ሞልቷታል፤ ለእሱ ግን ያው ሚጣ ናት። «ምንም አይደል እኮ። ከማን ጋር ልሽቀዳደም ብዬ ነው? ይኼም ይበቃኛል።»

ቢቆጣት ይሻላት ነበር። ቁጣ ቢሆን ቆዳዋ ላይ ይቀር ነበር፤ ይኼ ግን አጥንቷ ድረስ ዘለቀ። በሐሳቧ ሞተሩን እንደገና ፈታታችው። የሦስተኛውን ፒስቶን ቀለበት፣ ፋሻውን፣ ገልብጬ አስገብቼው ይሆን? ቫልቮቹን የሚያዘው ሰንሰለት አንድ ጥርስ ዘሎብኝ ይሆን? እንዲያ ከሆነ ሞተሩ ዳግም ሊወርድ ነው። ወንድሟ አፍ አውጥቶ አይናገራትም እንጂ፣ ሁለተኛውን ጊዜ ሌላ ሰው እንደሚያወርደው ታውቃለች።

«ወረቀቱን ያትሙልኝ እስቲ» አለች። «የአምናውንም ጭምር።»

ሀኪሙ እውነተኛ ስሙ ሌላ ነው። የሞተርን መስመር እንደ ልብ ምርመራ ወረቀት ስለሚያነብ ነው ይህ ስም የወጣለት። ሁለቱንም አትሞ ሰጣት። እሷም ወደ መስኮቱ ሄደች፤ አንዱን ወረቀት በሌላው ላይ ደርባ መስታወቱ ላይ ለጠፈቻቸው። የቀኑ ብርሃን ሁለቱን መስመሮች ባንድነት አሳያት።

ጣቷን ከታች አስነሣች። በደቂቃ ሁለት ሺህ ዙር ላይ የእሷ መስመር ከአምናው በላይ ነው። ሦስት ሺህም ላይ በላይ ነው። የታመመ ሞተር ከሥሩ ጀምሮ ነው የሚያቃስተው፤ ይኼ ግን እየዘፈነ ነው የሚወጣው። አራት ሺህ ላይ፣ ተርቦው ባለ በሌለ ኃይሉ ሲነፋ፣ መስመሩ መውጣቱን ትቶ ታጠፈ። ከዚያ በኋላ እንደ መጋዝ ጥርስ ከፍ ዝቅ ይላል።

«የሞተሩን ዙርና የሮለሩን ፍጥነት ጎን ለጎን ያሳዩኝ።»

ሀኪሙ ስክሪኑ ላይ አወጣላት። ሁለቱ እስከ አራት ሺህ አብረው ሄዱ። አራት ሺህ ላይ ተለያዩ፤ ሞተሩ ዘሎ ወጣ፣ ሮለሩ ባለበት ቀረ።

«ሞተሩ ይሮጣል፤ ጎማው አልሰማም» አለች፣ ለራሷ ያህል። ያኔ ነው ክፍሉ ውስጥ ያለው ሽታ የገባት። እስካሁን የጎማ መስሏት ነበር። የጎማ አልነበረም። የሞተሩን ጉልበት ወደ ጎማ የሚያሻግረው ሳህን፣ ፍሪሲዮኑ፣ እየተንሸራተተ ተቃጥሎ ነው።

«ጋሼ፣ ስለ ፍሪሲዮኑ ምን ብለኸኝ ነበር?»

ወንድሟ ማጅራቱን አከከ። «ደህና ነው፣ አትንኪው።»

«ስንት ዓመቱ ነው?»

«ከመኪናዋ ጋር የመጣ ነው።»

ሀኪሙ ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። «የሰባ በሬ በበሰበሰ ጠፍር ጠምደህ ልጅቷን አስደነገጥካት እኮ አንተ።»

እሷ ግን ገና አልሳቀችም። የገመተችውን በዓይኗ ካላየች አታምንም። ኮምፒውተሯን ከመኪናው ጋር አገናኝታ ተርቦው የሚነፋውን አየር ቀነሰች፤ አሮጌው ፍሪሲዮን ሊሸከመው እስከሚችለው ብቻ። ከዚያ መሪው ኋላ ራሷ ገባች። ማርሽ አስገባችና ነዳጁን እስከ መጨረሻው ረገጠችው። መስታወቶቹ ተንቀጠቀጡ። አራት ሺህ አለፈ። አምስት ሺህ አለፈ። ስክሪኑን አላየችም፤ ድምፁን ብቻ ነበር የምታዳምጠው። ድምፁ አልተደናቀፈም።

እግሯን አነሣች።

«ሁለት መቶ ሃምሳ ሦስት» አለ ሀኪሙ፣ አሁን ድምፁን ሳይቀንስ። «ያውም ተርቦው ታስሮ። መስመሩ ደግሞ ክር ነው፣ ልጄ። እጅሽ ይባረክ።»

ሞተሩን አጠፋችና እዚያው ተቀምጣ ቀረች። ወንድሟ በሩን ከፍቶ አጠገቧ ቁጢጥ አለ።

«እኔ እኮ ለእማዬ ምን ብዬ እንደምነግራት ነበር የማስበው» አላት። «ሞተሩ ድሮም ደካማ ነበር፣ ልላት ነበር።»

«ልትዋሽልኝ?»

«ታዲያ ለማን ልዋሽ?»

ግንባሯን መሪው ላይ ደፋች። ትከሻዋ ይርገፈገፋል፤ ትሳቅ ታልቅስ አልለየለትም። ተነሣና ሀኪሙ እንዳያያት በሩን በሰፊው ጀርባው ሞልቶ ቆመ።