«ጫፉን ብቻ ስፋልኝ»

«ጫፉን ብቻ ስፋልኝ። ሌላውን አትንካው።»

ዱባለ ይህን ብሎ አንዲት ትንሽ የልጅ የጥጥ ፍራሽ አስቀመጠና ወጣ...

ኢብራር ከሱቁ በር ላይ ቆሞ ሸኘው። ዓይኑ የዱባለን ነጭ መኪና እየተከተለ ጭጋጉ ውስጥ ጠፋ።

ኢብራር ከዓለም ባንክ ፌርማታ ገባ ብሎ ፍራሽ ይሰፋል። አሮጌ ፍራሽ ሲመጣለት ይፈታል፣ ጥጡን በደጋን ይነድፋል፣ መልሶ ይሞላል።

ዱባለ ደግሞ የብረታ ብረት ነጋዴ ነው። ከኢብራር ሱቅ በላይ ዳገቱ ላይ ባለ ሦስት ፎቅ ቤት ሠርቶ በቅርቡ ነው የገባው።

ጠዋት ጭጋግ ሲወርድ የቤቱ ሥር ይጠፋል። ላይኛው ፎቅ ብቻ ሰማይ ላይ የሚንሳፈፍ ይመስላል...

«እዚያ ላይ የሚተኛ ሰው ምን ዓይነት ሕልም ያይ ይሆን?» ይላል ኢብራር ሥራውን አቁሞ።

«ሕልም በፎቅ ነው እንዴ? አንተ ሰውዬ፣ ጥጥህን ንደፍ» ትለዋለች ሚስቱ ዘይቱና።

እሷ ትስቃለች። እሱ አይስቅም። ያ ቤት ውስጡ ገብቶ እያቃጠለው ነው...

ያን ቀን ፍራሹን ዳበስ አደረገው። ጥጡ የድሮ ነው፤ ለስላሳ፣ አሁን ገበያ ላይ የማይገኝ።

«ይሄን ሁሉ ሀብት ይዞ ጫፉን ብቻ እያሰፋ ይቆጥባል።»

«ጫፉን ካለህ ጫፉን ስፋ። የሰው ዕቃ ነው» አለች ዘይቱና።

«እሱ ምን ይጎልበታል?»

ፈታው...

ደጋኑ ሲመታ ብናኙ ተነሣ። ሱቁ ነጭ ሆነ። ለጥቂት ጊዜ ኢብራር ደመና ውስጥ የቆመ መሰለው።

ከዚያ ግማሹን ጥጥ አስቀረ። በምትኩ ቁርጥራጭ ጨርቅ ጠቀጠቀና ሰፋው።

ባስቀረው ጥጥ ለልጁ ለሰልሳቢል ትራስ ሠራላት። ልጅቷ ከምሳ በኋላ ጋደም እንዳለችበት እንቅልፍ ይዟት ሄደ።

ኢብራር ፍራሹን ተሸክሞ ዳገቱን ወጣ።

በሩን የከፈተለት ዱባለ ራሱ ነው። ላይኛው ፎቅ ድረስ ይዞት ወጣ።

ትንሽ ክፍል... ትንሽ አልጋ... ግድግዳው ላይ በእርሳስ የተሞነጫጨረ አውሮፕላን።

ዱባለ ፍራሹን አልጋው ላይ ዘረጋ። መሐሉን በእጁ ዳበሰ። እንደገና ዳበሰ...

«እዚህ ጋ ጎድጎድ ያለ ነበረ።»

«አዎ ጋሼ፣ ነድፌ አስተካከልኩት።»

ዱባለ አልጋው ጫፍ ላይ ቀስ ብሎ ተቀመጠ።

«ልጄ የተኛበት ነበር። ኤልናታን። አሁን የለም... ሲናፍቀኝ እጄን እዚያ ላይ አሳርፍ ነበር።»

ኢብራር ወደ በሩ አየ።

ዝም ብሎ መውጣት ይችላል። ስለ ጥጡ የሚያውቅ ሰው የለም...

«ጋሼ... ግማሹ ጥጥ እዚህ ውስጥ የለም። ወስጄዋለሁ። ለልጄ ትራስ ሠራሁበት። አሁኑኑ ሄጄ አመጣዋለሁ።»

ዱባለ እጁን ከፍራሹ ላይ አነሣ።

«ስንት ዓመቷ ነው?»

«አምስት።»

«ተኛችበት?»

«ጋደም ከማለቷ ነው እንቅልፍ የወሰዳት።»

ዱባለ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

«ከዚህኛው ጨርቁን አውጣልኝ። እሷን ግን አትቀስቅሳት።»

ኢብራር እዚያው ወለሉ ላይ ተቀምጦ ፍራሹን ፈታ። ጨርቁን አወጣ። የቀረውን የኤልናታንን ጥጥ ብቻ መልሶ ሰፋው። ፍራሹ ሳሳ...

ዱባለ እጁን መሐሉ ላይ አሳረፈ። ሰመጠለት።

ኢብራር ቤቱ ሲደርስ ሰልሳቢል አልነቃችም። አጠገቧ ቁጭ አለ።

«ምን ሆነህ ነው? ሂሳብ አልሰጠህም?» አለች ዘይቱና።

«ቀስ በይ... ትተኛ።»

ትንፋሿን ሲሰማ ቆየ። በዚህች ሰዓት ምን ቢኖረኝ እመኛለሁ ብሎ አሰበ...

የሚመኘው ምንም ነገር አጣ።

ወዳጆቼ... የሰው ቤት ከሩቅ ሲያዩት ፎቁ ነው የሚታየው። ባዶው አልጋ አይታይም። ዛሬ ቤታችሁ ስትገቡ የተኛ ልጅ ካለ ቁጭ ብላችሁ እዩት። ሀብት እሱ ነው።

እስቲ ንገሩኝ... እናንተ ዱባለን ብትሆኑ ትራሱን ታስመልሱ ነበር?