ከጥቁሩ ሥር ያለው ቢጫ

የቀኝ አውራ ጣቴ ጥፍር ተሰበረ። በግራው እሞክራለሁ። የባጃጁ የፊት ጎማ ሥር ተንበርክኬ፣ ላስቲኩ ከቸርኬው ብረት ጋር በሚገናኝበት ጠርዝ ላይ ያለውን ጥቁር ሽፋን እቧጥጣለሁ። ጫፉን ቢሰጠኝ ይበቃኛል።

«ቢላ ላምጣልሽ?» ይላል ባምላኩ። የባሌ ታናሽ ወንድም ነው፤ ባጃጁን ዓመቱን ሙሉ የነዳውም እሱ ነው።

«ቢላ አይሆንም። ቢጫውን ይጭረዋል።»

«እንግዲያ ተረጋጊ ሀይማኖት። ከጧት ጀምሮ አንድ ቦታ አልተቀመጥሽም እኮ።»

እውነቱን ነው። ግቢውን ሁለት ጊዜ ጠርጌያለሁ። ባጃጁን አጥቤ፣ የታጠበውን መልሼ አጥቤያለሁ። ለነገው ሙት ዓመት ጓዳ የሚሠሩት ሴቶች የያዝኩትን ሁሉ ከእጄ እየነጠቁ አባረውኛል። ነገ ከቅዳሴ በኋላ ከሌን ያወልቁልኛል። ነጩ ቀሚስ ተተኩሶ አልጋዬ ላይ ተዘርግቷል፤ ወደዚያ ክፍል አልገባሁም። እኔ የምፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ነገ ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ ባጃጁ በባሌ በወንዳወቅ ቢጫ ጎማዎች እንዲሄድ።

ቢጫውን የቀባው ራሱ ወንዳወቅ ነበር። ባሕር ዳር ሥልጠና ሰንብቼ ስመለስ መናኸሪያ ሊቀበለኝ መጣ፤ ሦስቱም ቸርኬዎች የዱባ አበባ መስለዋል።

«የሕፃን መጫወቻ አስመሰልከው» አልኩት።

«ካልወደድሽው ነገ አወልቀዋለሁ።»

ቀለም እንደ ካልሲ ይወልቃል ወይ ብዬ ሳቅሁበት። እሱም ሳቀ፤ በዚያው ቀረ። ወር ሳይሞላ ፍኖተ ሰላም ውስጥ በስሙ የሚጠራው ጠፋ፤ «ባለቢጫው» ብቻ ሆነ። ከቢሮዬ መስኮት፣ ከጋሪውና ከባጃጁ ትርምስ መሀል ቢጫ ነገር ሲሽከረከር ካየሁ የምሳ ሰዓት ደርሷል ማለት ነው።

ከቀብሩ በሦስተኛው ቀን አማቴ እትየ ቻይነሽ ግቢ የቆመውን ባጃጅ አይተው፣ «ቤቱ ሁሉ ከል ለብሶ ይሄ ቢጫ ጫማ አድርጎ ሊዞር ነው?» አሉ። ወደ እኔ አላዩም፤ የተናገሩት ግን ለእኔ ነበር። በሳምንቱ ባምላኩን ቡሬ ድረስ አስነድቼ፣ ይሄይስ የሚባል ቀለም ቀቢ ዘንድ ሦስቱንም ጥቁር አስረጨኋቸው።

«አይዞሽ እህቴ፣ ይሄ ቀለም አይደለም» አለኝ ይሄይስ ጣሳውን እየነቀነቀ። «ላስቲክ ነው። ዓመቱ ሲሞላ ጫፉን ይዘሽ ትስቢዋለሽ፤ እንዳለ ይላጣል። ከሥር ያለው ምንድን ነው?»

«ቀለም ነዋ» አልኩት።

«እንግዲያ ምንም አይነካውም። እንዳለ ታገኚዋለሽ።»

ዓመቱን ያቺን ቃል ይዤ ነው የገፋሁት።

«ያዘ!» ይላል ባምላኩ።

ጫፉ ተነስቷል። በሁለት ጣቴ ቆንጥጬ እስባለሁ። መጀመሪያ ይለጠጣል፣ ከዚያ ከቁስል ላይ እንደሚነሳ ፕላስተር እየጮኸ ይከተለኛል። ቡሎኖቹን ያልፋል፣ ዙሪያውን ይዞራል፣ ሳይቀደድ ይመጣል።

«እንዳለ ወጣ እኮ! ጎበዝ!» ብሎ ባምላኩ ያጨበጭባል። ከዚያ እጁ ይቆማል።

ቸርኬው ግራጫ ነው። ከፋብሪካ እንደወጣ ራቁቱን የቆመ ብረት፤ ቡሎኖቹ ዙሪያ ትንሽ ዝገት አለው።

«ቢጫውስ?» ይላል።

በእጄ ያለውን ቆዳ እገለብጠዋለሁ። ውስጡ ቢጫ ነው። ዓመት ሙሉ ፀሐይም አቧራም ያላየው፣ መናኸሪያ የጠበቀኝ ቢጫ።

ባምላኩ ጠርዙን በጣቱ አሸት አሸት ያደርገዋል። «የወንዳወቅም ቢጫ ላስቲክ ነበር ማለት ነው። ላስቲክ በላስቲክ ላይ ሲረጩበት ተጣብቆ አንድ ሆኗል። አይለያይም።»

ለካ አልቀለደም ነበር። ካልወደድሽው ነገ አወልቀዋለሁ ያለኝ ከልቡ ነው።

እትየ ቻይነሽ እጃቸውን በመቀነታቸው እየጠረጉ ከጓዳ ይወጣሉ። «ጨረሳችሁ? ምነው ይሄ ራቁቱን ቀረ?»

«ሁለቱም ተያይዘው ወጡ እማየ» ይላል ባምላኩ። «ቢጫውም አብሮ።»

«በሉ እንግዲህ፣ የኋላዎቹንም ግፈፏቸውና አንድ ዓይነት ይሁኑ። በዝንጉርጉር ቤተ ክርስቲያን አይኬድም።»

ባምላኩ ወደ ኋላ ጎማ ዞሮ ቁጢጥ ይላል። እሱ ጥፍር አለው፤ ሳይቸገር ጫፉን ያነሳል።

«ተው» እለዋለሁ።

«ምኑን?»

«አትንካው። ቢጫው ከሥሩ አለ።»

«ኧረ ሀይማኖት! አንዱ ብረት፣ ሁለቱ ጥቁር? የፌርማታው ሾፌር ሁሉ ይስቅብኛል።»

«ይሳቁ።»

እትየ ቻይነሽ ሊቆጡ አፋቸውን ከፍተው፣ በእጄ ላይ የተንጠለጠለውን ያያሉ። ይጠጋሉ። ቢጫውን በእጃቸው ጀርባ፣ ትኩሳት እንደሚለካ ሰው፣ ይነኩታል።

«ተዋት» ይሉታል ልጃቸውን። «ና፣ ውሃ ቅዳልኝ።»

ሁለቱም ይገባሉ። ከጓዳ የሴቶቹ ሳቅ ይሰማል። ከመካከላቸው አንዷ፣ ቀሚሱን ትለካው እንጂ፣ ሰፍቷት እንዳይሆን፣ እያለች ስሜን ትጣራለች።

የላጥኩትን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጌ ወደ ኋላ ጎማ እሄዳለሁ። ባምላኩ ያነሳውን ጫፍ ጥፍሩ በተሰበረው አውራ ጣቴ ወደ ቦታው እጫነዋለሁ። ስለቀው ይነሳል። መልሼ እጫነዋለሁ።

«ሀይማኖት!» ትላለች ሴትዮዋ።

«መጣሁ» እላለሁ፤ ጣቴን አላነሳም።