የመቋሚያው ምት

የኔታ ዓምደ ሚካኤል ካረፉ አምስት ወር ሆናቸው። ከአንጎላቸው ዕጢ ከወሰድናቸው ሴሎች ብዙዎቹን የካንሰር መድኃኒቱ ገድሏቸዋል፤ ዕጢውን መልሰው የሚያበቅሉት ግንደ ሴሎቹ ግን ሦስት ዙር ተሰጥቷቸውም አልሞቱም። ጣና ዳር ባለው ቤተ ሙከራ የኤሌክትሪክ ምታቸውን በድምፅ ማጉያ እየሰማሁ እመዘግባለሁ።

ዛሬ ልጃቸው ዲያቆን ገብረ ክርስቶስ ሴሎቹ እንዲወገዱ ሊፈርም መጣ። ምቱን ሲሰማ እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

«አባቴ ድጓ ሲያስተምሩን መሬቱን በመቋሚያ እንዲህ ነበር የሚመቱት።»

«አጋጣሚ ነው» አልሁት።

ድምፁን ዝቅ አድርጎ ማዜም ጀመረ። መሀል ላይ ሲደርስ ምቱ ቆመ።

«ምን ሆነ?» አልሁ።

«ተሳሳትሁ። ስንሳሳት አባቴ ያቆሙናል።»

አርሞ ደገመው። ምቱ ቀጠለ።

ያልፈረመውን ቅጽ ከፊቱ አነሣሁት።