የሃያት የባሕር ቀን

ባሕሩ እንዲያገግም ሲባል አንድ ቤተሰብ በዓመት አንድ ቀን ብቻ እንዲዋኝ ከተደነገገ ወዲህ፣ ሉባባ ለልጇ ለሃያት በየዓመቱ አዲስ የዋና ልብስ ትገዛለች፤ ያምናው አንዴ ብቻ ረጥቦ ይጠባታል።

ዘንድሮ ተራቸው ደርሶ ታጁራ ባሕር ዳርቻ ውሃው ውስጥ ገና እንደገቡ፣ ሃያት አሮጌ መረብ የተተበተበባት የባሕር ኤሊ አየች።

«እማዬ፣ እንጎትተው!»

«አንገቷን ያንቃታል። የባሕር ጠባቂዎቹን ጠርቻለሁ፤ እስኪመጡ እንድትተነፍስ ራሷን ከውሃው ቀና አድርገን እንያዝላት።»

ጠባቂዎቹ ከሰዓታት በኋላ በጀልባ ደርሰው መረቡን ቆርጠው ሲለቋት ፀሐይዋ አዘቀዘቀች፤ የመውጫው ደወልም ተደወለ። ልጇ የዓመት ቀኗ ስላመለጣት ሉባባ አዘነች።

«ጓደኞችሽ ‹ዋኘሽ ወይ?› ቢሉሽስ?» አለቻት በፎጣ እየጠቀለለቻት።

ሃያት ኤሊዋ ወደሄደችበት እያየች ሳቀች።

«‹እሷ ዋኘች› እላቸዋለኋ!»