«ጤነኛ» የተባለችው ቱቦ

በእውቀቱ የላቦራቶሪውን ደረጃ ሲወጣ መሀል ላይ ቆም ብሎ ትንፋሹን ይሰበስባል። ባልደረባው የወሊድ ፈቃድ ከወጣች ወዲህ የሁለት ሰው ሥራ ጫንቃው ላይ ወድቋል፤ ቢደክመው ምን ይገርማል። ሁለት ሹራብ ደርቧል። ከጭላሎ የሚወርደው የአሰላ ብርድ እንደሆነ ለማንም አያዝንም።

ሰኞ ጠዋት ማሽኑን አስነሣ። የሰበሰበውን እጅጌ ክንዱ ላይ በለጠፋት ጥጥ ላይ መለሰና የመጀመሪያዋን ታካሚ ጠራ።

አሰፋች ከዲክሲስ ነው የመጣችው። ባሏ መርሻ የሚነዳት ይመስል ከኋላዋ ገባ።

«ዶክተር፣ እውነቱን ይንገሩኝ» አለ። መርሻ ደም የሚቀዳውን ሁሉ ዶክተር ነው የሚለው። «ሁለት ዓመት ሙሉ ደከመኝ፣ በረደኝ ነው። ወተት እየናጠች ታንቀላፋለች። የነገሯትን ትረሳለች። ደሟ ጤነኛ ነው ካላችሁኝ ስንፍና ነው፤ አባቷ ቤት አድርሻት እመለሳለሁ።»

አሰፋች ክንዷን ዘረጋች።

በእውቀቱ ጉሮሮውን ጠረገ። አልለቅ ያለ ጉንፋን ድምፁን አጎርንኖታል።

«አንገት ላይ ታይሮይድ የምትባል ዕጢ አለች» አላቸው። «እሷ ሥራዋን ስታቀዘቅዝ አንጎል ይጮኽባታል። ቲኤስኤች የምንለው ያ ጩኸት ነው። ቁጥሩ ከአራት ብዙ ካለፈ፣ የራሷ ሆርሞን ቲ ፎር ደግሞ ከወረደ፣ ዕጢዋ ደክማለች ማለት ነው።»

የአሰፋች ቲኤስኤች ሠላሳ ስምንት ወጣ። ቲ ፎሯም ወርዷል።

በእውቀቱ ግን ደስ አላለውም። የማሽኑን ልክነት የሚፈትንበት የፋብሪካ ናሙና ዓርብ ዕለት አልቆበታል። ለዛሬ ብሎ «ጤነኛ» የሚል የጻፈባት አንዲት ቱቦ ደም አስገብቶ ነበር። ከአራት በታች መሆን ሲገባት ሠላሳ አንድ አለች። ደገማት። ያው ሠላሳ አንድ።

«ማሽኑ ተበላሽቷል» አለ። «ይኼን ፈርሜ ብሰጣችሁ ኃጢአት ነው። ኢንጂነር እስኪመጣ፣ ሐሙስ ተመለሱ።»

«ላም አለኝ በሰማይ» አለ መርሻ። «ሐሙስ ካልታወቀ ሌላ ቀጠሮ አልጠብቅም።»

አሰፋች ቀና ብላ በእውቀቱን አየችው። አንጀቱን በላችው። ቢሆንም የውጤቱን ወረቀት መሳቢያ ውስጥ ከተተው።

ሐሙስ ኢንጂነሩ ፍሰሐ ከአዳማ መጣ። በእውቀቱ ቁልፉን የት እንዳኖረው ጠፍቶት ግማሽ ሰዓት በር ላይ አቆመው። ባልና ሚስቱም መጥተዋል። አሰፋች በጋቢ ተጠቅልላ ፀሐይ ላይ ትንቀጠቀጣለች። የልብሷ ቋጠሮ አጠገቧ ተቀምጧል፤ መርሻ ከሐሙስ ወዲያ የሚያድር ነገር አልፈለገም።

ፍሰሐ ማሽኑን ፈታ፣ ገጠመ። ይዞት የመጣውን የፋብሪካ ናሙና ሦስት ጊዜ አስገባ። ሦስቱም ልክ።

«ማሽንህ ከእኔም ከአንተም ጤነኛ ነው» አለ።

የአሰፋች ደም እንደገና ተቀዳ። ሠላሳ ስምንት።

በእውቀቱ ወረቀቱን ይዞ ወጣ። «ስንፍና አይደለም፤ በሽታ ነው። ሐኪሙ ኪኒን ያዝላታል። በየጠዋቱ በባዶ ሆዷ ትዋጥ፤ ትድናለች።»

መርሻ ወረቀቱን ብዙ አገላበጠው። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ቋጠሮውን ራሱ አነሣና «ነይ፣ ሐኪሙ ጋ እንግባ» አላት። አሰፋች አለቀሰች። በእውቀቱ ደስ አለው፤ ደስታውም ራሱ አደከመው።

ሲመለስ ፍሰሐ ዕቃውን እየሰበሰበ ነበር። «ጤነኛ» የተባለችውን ቱቦ ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አድርጎ ያዛት።

«ይቺንም ሞከርኳት፤ ያው ሠላሳ አንድ ናት» አለ። «ለመሆኑ የማን ደም ነው?»

በእውቀቱ ወንበሩ ላይ ቁጭ አለ፤ የሁለቱንም ሹራብ እጅጌ ሰብስቦ፣ ከሰኞ ጀምሮ ክንዱ ላይ የረሳትን ጥጥ ቀስ ብሎ ላጣት።