ባዶው መያዣ

ባዶው መያዣ ላይ ጉብታ ወጣ።

ተማሪዋ ወንበሯን ወደ ስክሪኑ ሳበች። የኤክስሬይ ማሽኑ ውስጥ ያስገባችው የናሙና መያዣ ላይ ማጣበቂያው ፕላስተር ብቻ እንጂ ሌላ ነገር የለም። ለማነጻጸሪያ ብላ ነው አስቀድማ የለካችው። ስክሪኑ ላይ የሚሳለው መስመር ዝም ብሎ ቁልቁል መውረድ ሲገባው መሀል ላይ ጉብ ብሏል።

ጉብታውን ታውቀዋለች። ጋሼ በመመረቂያ ጽሑፉ አርባ ገጽ የጻፈለት ነው። በዓይን የማይታዩት ቅንጣቶች በእኩል ርቀት ተሰልፈው መቀመጣቸውን ያሳያል ብሎ። ጽሑፉን ፈታኞች ፊት የሚከላከልበት ዲፌንስ ሐሙስ ነው።

«ጋሼ» የሚሉት በዕድሜ ገፍቶ ሳይሆን ቤተ ሙከራው ውስጥ ሰባት ዓመት ስለከረመ ነው። ይህን የአራት የትምህርት ክፍሎች የጋራ ማሽን እጇን ይዞ ያስተማራት እሱ ነው። ደወለችለት።

«ምነው፣ አፈነዳሽው እንዴ?» እያለ ገባ። ከትከሻዋ በላይ ጎንበስ ብሎ ስክሪኑን አየና ፊቱ ፈካ። «ጎሽ! ቁርጥ የኔን። ምን ከተትሽበት?»

«ምንም።»

«ምንም ማለት?»

«ባዶ ነው። ፕላስተሩ ብቻ ነው ያለው።»

ቀና አለ። «እኔም እኮ ባዶውን ለክቼ ከውጤቱ ላይ ቀንሻለሁ።»

«ከነፕላስተሩ?»

«ያለ ፕላስተር» አለና ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ።

«እናቴ ለዲፌንሱ ብላ ነገ ትሳፈራለች» አለ። «ቀሚስ አሰፍታለች።»

ቀጥሎም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ካንቺ ሌላ ያየው አለ?»

«የለም።»

«ፋይሉ ያንቺ ነው።»

ምን ማለቱ እንደሆነ ገባት፤ ጆሮዋ ጋለ። «እሺ፣ አጠፋዋለሁ» የሚለው አፏ ላይ መጣ፤ ዋጠችው። እሱም ፊቷን ማየት አልቻለም።

«ተራዬ ሊያልቅ አርባ ደቂቃ ይቀራል» አለች። «ያንተን ያለ ፕላስተር እንለካው።»

«ያንቺስ? ሦስት ሳምንት ነው የጠበቅሽው።»

«እንደገና እመዘገባለሁ።»

ከመደርደሪያው የናሙናውን ብልቃጥ አወረደ። ዱቄቱን ቀጭን የመስታወት ቱቦ ውስጥ ሲጨምር ግማሹ ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ። የቀረው ይበቃል። የማሽኑን ከባድ በር ዘጋ፤ ቀዩ መብራት በራ። ሁለቱም ወደ ስክሪኑ ዞሩ።

መስመሩ እየጠራ መጣ። ወረደ፣ ወረደ፤ ጉብታው የነበረበትን ቦታ ጉብ ሳይል አልፎት ሄደ።

«ቅንጣቶቹን ሰልፍ አስያዝኳቸው ስል» አለ ጋሼ፣ «ለካ እንደ ገበያ ሰው ነው የቆሙት።»

ልትስቅለት ፈለገች፤ አልሆነላትም።

ስልኩን ከኪሱ አወጣ። የእናቱን ቁጥር ሊደውል መስሏት ነበር። እሱ ግን ለጽሑፉ አማካሪ ለፕሮፌሰሯ ደወለ። ቢሮዋ ከግድግዳው ወዲያ ነው፤ ስልኳ እዚያ ሲጮኽ ሁለቱም ሰሙት። አንዴ ጠራ። ሁለቴ። ጋሼ ጣቱን የስልኩ መዝጊያ ላይ አደረገ፤ ግን አልተጫነውም።

በሦስተኛው፣ ከግድግዳው ወዲያ ወንበር ሲገፋ ተሰማ።